ፊልሜ ጋዝ ያሳልፋል፤ ኦክስጅንን ከናይትሮጅን ግን አይለይም

የአዘዞዋ ተማሪ | ሐምሌ 14

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ሥራዬ የፖሊመር ሜምብሬን (ጋዝ የሚለይ ስስ የፕላስቲክ ፊልም) ውስጣዊ መዋቅር ጋዝ በመለየት ብቃቱ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚመለከት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ስሽከረከር ስለከረምኩ፣ የሚያውቅ ሰው ቢያግዘኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፖሊሰልፎን የተባለ ፕላስቲክ ጠጠሮችን በክሎሮፎርም አሟሟሁ። ብጥብጡን አጣርቼ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ባኖርኩት የብረት ቀለበት ውስጥ አፈሰስኩትና በጭስ መምጠጫው ሥር ክፍት ትቼው ሄድኩ። ያን ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ክሎሮፎርሙ ተንኖ፣ ፊልሙ ደርቆ ጠበቀኝ። ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ከመሃሉ ክብ ቆርጬ በመለኪያው ዕቃ ውስጥ አሰርኩት፤ ለጋዝ የተጋለጠው ስፋት 12.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 3 ባር ነው። ከታች የሚወጣውን ጋዝ የለካሁት በሳሙና አረፋ መለኪያ ነው።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱ አስደስቶኝ ነበር፤ አረፋው ሽቅብ ሲሮጥ በዓይን ይታያል። ናይትሮጅን 10 ሚሊ ሊትር ለመሙላት 4 ደቂቃ፣ ኦክስጅን ደግሞ 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወሰደበት። ሳካፍለው የኦክስጅን መራጭነት 0.92 ሆነ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ፖሊሰልፎን ኦክስጅንን ከናይትሮጅን 5.6 ጊዜ አብልጦ ያሳልፋል ይላሉ፤ የእኔው ጭራሽ ናይትሮጅንን ያስቀድማል። አምስት ፊልም ሠርቼ አምስቱም እንደዚሁ ሆኑ። መልካቸው ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ከጽሑፍ ላይ ሳስቀምጣቸው ፊደሉ አይነበብም። ጠጠሩ ከተገዛ ስለቆየ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ሌላ ፖሊመር ልሞክር?

ኢንጂነር ከፒያሳ | ሐምሌ 14

እንኳን ደህና መጡ። እኔ ብሆን ፖሊሰልፎን ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። የቆየ ቁስ ነው፤ ዛሬ ከእሱ የተሻሉ፣ ፖሊይሚድ የተባሉ ፖሊመሮች አሉ። የመለኪያ ዕቃዎ ማሰሪያ ላይ ያለው ጎማ ጋዝ እንደማያፈስም ያረጋግጡ። በጠርዙ በኩል የሚያመልጥ ጋዝ እንዲህ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 15

ልጄ፣ ፖሊመሩን አትቀይሪ፤ ጠጠሩም አልተበላሸም። ኢንጂነሩ ስለ ማሰሪያው ጎማ ያነሡት ነገር መፈተሽ አለበት፤ ሆኖም አምስት ፊልም አምስቱም ነጭ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከጎማው ይልቅ ከፊልሙ ዘንድ ነው። ደግሞም ፊልሙ ምን እንደሆነ የለካሻቸው ቁጥሮች ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በሁለተኛ ደረጃ የተማርሽውን የግራሃም ሕግ አስታውሺ። በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፉ ጋዞች ፍጥነት ከሞለኪውላቸው ክብደት ካሬ ሥር ጋር የተገላቢጦሽ ነው። የናይትሮጅን ክብደት 28፣ የኦክስጅን 32 ነውና 28ን ለ32 አካፍለሽ ካሬ ሥሩን ስትወስጂ 0.935 ይመጣል። ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ጋዙ እንደ ውኃ በጅምላ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ የሚወስነው የየጋዙ ዝልግልግነት ነው፤ በዚያ ስሌት ቁጥሩ ወደ 0.86 ይወርዳል። ያንቺ 0.92 በሁለቱ መካከል ወድቋል። እንግዲህ ፊልምሽ የግራሃምን ሕግ በሚገባ አክብሯል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ቀዳዳ የሌለው ፊልም ይህን ሕግ አያውቀውም።

ሁለተኛው ምስክር ፍጥነቱ ነው። የፖሊሰልፎን የኦክስጅን አሳላፊነት 1.4 ባረር ገደማ ነው። ባረር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር የሜርኩሪ ግፊት፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመደበኛ ሁኔታ (በዜሮ ዲግሪና በባሕር ጠለል የአየር ግፊት) የተለካ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ጋዝ ሲያልፍ ነው። ያንቺን ስፋት፣ ውፍረትና ግፊት አስገብቼ ሳሰላው፣ ደህና ፊልም በሰዓት ሊሰጥሽ የሚገባው ኦክስጅን በመደበኛ ሁኔታ 0.28 ሚሊ ሊትር፣ በጎንደር አየርና በ22 ዲግሪ ሲለካ ደግሞ 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ናይትሮጅኑማ 0.07 ነው። አንቺ ግን በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ናይትሮጅን እየሰበሰብሽ ነው፤ ከሚገባው ከ2000 ጊዜ በላይ ማለት ነው። አረፋው ሽቅብ ሲሮጥ ባየሽ ጊዜ መደንገጥ እንጂ መደሰት አልነበረብሽም።

ቀዳዳው ከየት መጣ ላልሽው፣ መልሱን ሳታውቂው ራስሽ ጽፈሽዋል፦ «ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም»። ክሎሮፎርም በፍጥነት ይተናል። በባሕር ጠለል 61 ዲግሪ ላይ የሚፈላው፣ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ወደ 53 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ይፈላል፤ ስለዚህ እዚህ ይበልጥ ይቸኩላል። ሲተን ሙቀትን ከፊልሙ ገጽ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ገጹም ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። በሐምሌ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ውኃና ክሎሮፎርም አይዋሐዱምና እያንዳንዷ የጤዛ ጠብታ ክብነቷን ጠብቃ በገጹ ላይ ከፊል ጠልቃ ትቀመጣለች፤ በዙሪያዋ ያለው ፖሊመር እየጠጠረ ይከባታል። በመጨረሻ ውኃውም ይተንና የጠብታዋ ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን ሲያወጣ ጋዙ ከውስጥ ወደ ላይ እየፈነዳ ነው፤ ያንቺ ፊልም ዓይን ያወጣው በተቃራኒው፣ ከላይ ወደ ውስጥ ነው። ነጭ የሆነውም በእነዚህ ጉድጓዶች ብርሃን ስለሚበተን ነው። ጥርት ብሎ የደረቀ የፖሊሰልፎን ፊልም እንደ መስኮት መስታወት ያሳያል።

አሁን ከጽሑፍሽ ርዕስ ጋር ወደሚገናኘው ነገር ልምጣ። ብዙ ተማሪ ሜምብሬንን እንደ ወንፊት ያስበዋል። ደህና ፊልም ወንፊት አይደለም፤ ቋሚ ቀዳዳ የለውም። ጋዙ መጀመሪያ በፊልሙ ገጽ ላይ ይሟሟል፤ ከዚያ በፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ለቅጽበት ከሚከፈት ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይሻገራል፤ በማዶው ገጽ ይወጣል። አሳላፊነት የሚባለው እንግዲህ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ ጋዙ ምን ያህል ይሟሟል፣ ከሟሟ በኋላስ ምን ያህል ፈጥኖ ይሰርጋል። የፖሊመሩ መዋቅር በሁለቱም ውስጥ እጁ አለበት፤ ይበልጥ የሚከብደው ግን በሁለተኛው ላይ ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል ስፋት 3.46፣ የናይትሮጅን 3.64 አንግስትሮም ነው። ልዩነታቸው 0.18 አንግስትሮም ብቻ ሲሆን፣ አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። ይህችን ታህል ልዩነት ሊያስተውል የሚችለው ሰንሰለቱ ጠጣር ሆኖ እንደ ልብ የማይወዛወዝ ፖሊመር ነው። ፖሊሰልፎን እስከ 190 ዲግሪ ገደማ ድረስ እንደ ብርጭቆ ድርቅ ያለ ስለሆነ ይመርጣል። የሲሊከን ጎማ ግን ከዜሮ በታች 120 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሰንሰለቱ እንደ ልቡ የሚገለባበጥ በመሆኑ ኦክስጅንን በመቶዎች በሚቆጠር ባረር ያሳልፋል፤ መራጭነቱ ግን ከ2 ብዙም አይበልጥም።

አስተማሪ፣ 2ኛ ደረጃ | ሐምሌ 15

መምህር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር አልገባኝም። ይኸው ሕግ እኮ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነው። ከባዱ ጋዝ ይዘገያል፣ ቀላሉ ይፈጥናል እላቸዋለሁ። አሁን ደህና ፊልም ሕጉን አያውቀውም ሲሉ ሳነብ በክፍል ውስጥ ምን ልል እንደምችል ግራ ገባኝ።

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 15

ሕጉ ትክክል ነው፤ ለቀዳዳ የተጻፈ ሕግ ነው እንጂ ለፊልም አይደለም። ይህን ለይቶ ያሳየውም ሌላ ሳይሆን ራሱ ቶማስ ግራሃም ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ስስ የተፈጥሮ ጎማ በአንድ በኩል ለአየር አጋልጦ በሌላው በኩል ቫኪዩም ሲያደርግ፣ ያለፈው ጋዝ 41 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ሆኖ አገኘው። በራሱ ሕግ ቢሆን ናይትሮጅኑ መቅደም ነበረበት። ጋዙ በጎማው ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይሟሟል የሚለውን ማብራሪያ ያቀረበው ያኔ ነው። ከእሱም በፊት፣ በ1831፣ ጆን ሚቸል የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ልዩ ልዩ ጋዝ የሞላባቸው የጎማ ፊኛዎች እኩል እንደማይሟሽሹና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁሉም ፈጥኖ እንደሚያመልጥ አስተውሏል።

ይህን በክፍልዎ ሊያሳዩት ይችላሉ። አንዱን ፊኛ በብስክሌት መንፊያ አየር ይሙሉ። ሌላውን በጠርሙስ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳና የሎሚ ጭማቂ ቀላቅለው በሚወጣው ጋዝ ይሙሉ። መጠናቸውን አስተካክለው፣ አፋቸውን በክር ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ወገባቸውን በሜትር ለክተው ያሳድሯቸው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክብደት 44 ነው፤ በሕጉ መሠረት መዘግየት ይገባው ነበር።

አስተማሪ፣ 2ኛ ደረጃ | ሐምሌ 19

ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሆነ ከልጆቼ ጋር ቤት ውስጥ ሠራነው። ማታ ሁለቱም ወገባቸው 62 ሴንቲ ሜትር ነበር። ጠዋት አየር ያለበት 61 ሆኖ አደረ፤ ሌላው ግን ቆዳው ተሸብሽቦ ወደ 50 ወርዷል። ትንሿ ልጄ «ክሩን አላልተሽው ነው» ብላ ስላላመነችኝ በማግስቱ ራሷ አስራ ደገመችው፤ ያው ሆነ። ለመስከረም አዘጋጅቼዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ኢንጂነር ከፒያሳ | ሐምሌ 20

መምህር ስለ ጤዛው የሰጡት ማብራሪያ አሳምኖኛል፤ ፖሊመር ይቀየር ያልኩትንም አንሥቻለሁ። ነገር ግን ውይይቱ ስለ ሰንሰለትና ስለ አንግስትሮም ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በሰዓት 0.4 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ፊልም ለፋብሪካ ምን ይፈይዳል? ደግሞም የቱንም ያህል መራጭ ሜምብሬን ቢኖረን፣ የላይኛው ግፊት ለታችኛው ሲካፈል 4 ከሆነ፣ የሚወጣው ጋዝ ክምችት ከገባው ከ4 እጥፍ ሊበልጥ አይችልም። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ ቢገባ ሜምብሬኑ ተአምር ቢሠራ እንኳ ከ20 በመቶ አያልፍም። በእኔ እምነት ብቃትን የሚወስነው ከመዋቅሩ ይልቅ ኮምፕረሰሩ ነው።

ሌላም ልጨምር። ሎይድ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1991 የብዙ ፖሊመሮችን ቁጥር በአንድ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጥ፣ አሳላፊነት በጨመረ ቁጥር መራጭነት እንደሚቀንስና ከአንድ መስመር በላይ የወጣ እንደሌለ አሳይቷል። በ2008 ሲደግመው መስመሩ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም ያው መስመር ነው። አንዱን ስታገኝ ሌላውን ታጣለህ ከሆነ መዋቅሩን ማሻሻል ምን ትርጉም አለው?

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 21

ስለ ግፊቱ ጥምርታ ያሉት እውነት ነው፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ስለሆነ በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። ኮምፕረሰሩ ብቻ ይወስናል በሚለው ግን አልስማማም።

ፋብሪካ 50 ማይክሮን ፊልም አይጠቀምም። የሚለየው ቆዳ 0.1 ማይክሮን ከሆነ ፍሰቱ 500 ጊዜ ይጨምራል፤ ይህ የመዋቅር ሥራ ነው። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሎብና ሱሪራጃን የባሕርን ውኃ ለማጣራት ከሴሉሎስ አሲቴት በሠሩት ሜምብሬን ነው። የፖሊመሩን ብጥብጥ በመስታወት ላይ በስሱ ዘርግተው ወደ ውኃ ሲነክሩት፣ ላይኛው ገጽ ቀድሞ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ቆዳ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ እንደ ስፖንጅ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቆዳው ይለያል፣ ስፖንጁ ይሸከማል፤ ሁለቱም ግን አንድ ቁስ ናቸው። ለውኃ የሠራው ለጋዝ እንዲሠራ ግን ብዙ ዓመት ወስዷል። ከቆዳው ስፋት ሚሊዮንኛው ያህሉ ብቻ ቀዳዳ ቢሆን ጋዙ በዚያች በኩል ያመልጥና መራጭነቱ ይጠፋል። ያን ያህል እንከን የለሽ ቆዳ በብዛት ማምረት ደግሞ አልተቻለም ነበር።

መፍትሔው ሲገኝ በጣም ቀላል ሆነ። በሞንሳንቶ ይሠሩ የነበሩት ጄይ ሄኒስና ሜሪ ትሪፖዲ ቀዳዳዎቹን ለማስቀረት መታገሉን ትተው መረጓቸው። የፖሊሰልፎኑን ቆዳ በስስ የሲሊከን ጎማ ቀቡት። ጎማው ራሱ ብዙም አይመርጥም፤ ነገር ግን የመርፌ ቀዳዳዋን ሲሞላ በዚያ በኩል እንደ ልቡ ይሮጥ የነበረው ጋዝ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጋዝ በፖሊሰልፎኑ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ስንጥቁን በእበት እንደ መምረግ ነው። በ1980 ገበያ የወጣው ፕሪዝም የተባለው መሣሪያ የተሠራው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከአሞኒያ ፋብሪካ የሚባክነውን ሃይድሮጅን መልሶ ለመያዝ ዋለ። ኮምፕረሰሩ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ የጎደለው ምርጊቱ ነበር።

ስለ ሮብሰን መስመር ያነሡት ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። መስመሩ ለምን ከፍ አለ ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ እንደገና መዋቅር ነው። ሰንሰለቱን ማጠንከር ብቻውን መራጭነትን ይጨምራል፤ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ግን አሳላፊነቱ ይሞታል። ሰንሰለቶቹን ማራራቅ ብቻውን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። የሚፈለገው ጠንካራም የማይደረደርም ሰንሰለት ነው። በ2004 ፒተር በድና ኒል ማኪዮን በማንቸስተር ያሳወቁት ፒም-1 የተባለ ፖሊመር ይህን ለማድረግ የተሞከረበት ነው። ሰንሰለቱ ሊተጣጠፍ የማይችል ሆኖ በየመካከሉ ጎብጦ ስለተሠራ እርስ በርሱ ሊገጥም አይችልም፤ ጠማማ እንጨት ሲከመር በመካከሉ ክፍት ቦታ እንደሚተው ሁሉ በሰንሰለቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል።

ኢንጂነር፣ የእርስዎ ጥርጣሬ ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። በ1983 የቶሺዮ ማሱዳ ቡድን በጃፓን የሠራው ፖሊ ትራይሜቲልሲሊል ፕሮፓይን የተባለ ፖሊመር ኦክስጅንን በሺዎች በሚቆጠር ባረር ያሳልፍ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ባዶ ቦታ አይረጋም፤ ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ እየተጠጋጉ ቦታውን ይደፍኑታል፤ አሳላፊነቱም ከወር ወር ይወርዳል። ፊልሙ ስስ በሆነ መጠን እርጅናው ይፈጥናል። የዛሬውን ቁጥር ብቻ ጽፎ የሚያሳትም ሰው ግማሹን ነው የነገረን።

የአዘዞዋ ተማሪ | ሐምሌ 22

መምህር፣ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በውኃ ውስጥ ተነክረው የሚሠሩት የፋብሪካ ሜምብሬኖች እኮ በሥዕል ሳያቸው እነሱም ነጭ ናቸው። ታዲያ ነጭነት መጥፎ ምልክት የሚሆነው ለምንድን ነው? የእኔንስ በሲሊከን ብመርገው አይድንም?

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 22

ጥሩ አይተሻል። የእነሱ ነጭነት ከሥሩ ካለው ስፖንጅ የመጣ ነው፤ ከላይ ያለው ቆዳ ጥርት ያለ ቢሆንም ስስ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ያንቺ ፊልም ግን ቆዳ እንዲኖረው ተብሎ አልተሠራም፤ ጉድጓዱ ያለው ከላይ ነው፤ ምናልባትም ከዳር እስከ ዳር ዘልቋል። ስለዚህ ነጭነት ብቻውን አይፈርድም፤ ነጭነትና 0.92 አብረው ሲመጡ ግን ይፈርዳሉ።

ምርጊቱ የሚያድነው ጥቂት ቀዳዳ ያለበትን ነው። ግድግዳው ራሱ ወንፊት ከሆነ የምትለኪው ምርጊቱን ይሆናል። ለማወቅ ከፈለግሽ ቀቢው፦ ከቀባሽ በኋላ መራጭነቱ 2 አካባቢ ከመጣ ሲሊከን እየለካሽ ነው፤ ወደ 5 ከተጠጋ ፖሊሰልፎኑ በሥራ ላይ ነው። እኔ ግን አዲስ ሥሪ እላለሁ። ቀለበቱን በተደፋ የመስታወት ጎድጓዳ ሸፍኚና ጠርዙን ጥቂት ብቻ ክፈቺው፤ ከሥሩ የደረቀ ሲሊካ ጄል አስቀምጪ። ክሎሮፎርሙ በጥቂት ሰዓታት ፈንታ በሁለት ሦስት ቀን ይተን። ቀስ ብሎ ከተነነ ገጹ አይቀዘቅዝም፤ ካልቀዘቀዘ ጤዛ አይወርድበትም። ከደረቀ በኋላ በቫኪዩም ምድጃ ውስጥ አቆይው፤ በውስጡ የቀረ ክሎሮፎርም ሰንሰለቱን ያለሰልሰውና ቁጥርሽን ያዛባዋል።

ለመለካትም አረፋውን ተዪው። ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ አጋድመሽ አንዲት ቀለም የተቀላቀለባት የውኃ ጠብታ አስገቢበት፤ ጋዙ ጠብታዋን ሲገፋት በማስመሪያ ትለኪያለሽ። ስታሰዪ የአየሩን ግፊት 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ብለሽ እንዳታስገቢ። የጎንደር 59 ገደማ ነው።

የደምቢያ ባዮጋዝ | ሐምሌ 24

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በገጠር የባዮጋዝ ጉድጓድ ግንባታ ላይ እሠራለሁ። ከእበት የሚወጣው ጋዝ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ይባላል። ይህ ሜምብሬን ሚቴኑን ሊያጠራልን ይችላል?

ጡረተኛው መምህር | ሐምሌ 25

ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ለመለየት ይቀላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3.3፣ ሚቴን 3.8 አንግስትሮም ስለሆኑ ልዩነታቸው ሰፋ ያለ ነው፤ በዚያም ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፖሊመር ውስጥ በጣም ይሟሟል። ፖሊሰልፎን ከ20 እጥፍ በላይ ይለያቸዋል። ነገር ግን የእናንተ ጉድጓድ ግፊት ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ነው፤ ኢንጂነሩ ያሉት የግፊት ጥምርታ እዚህ ላይ ይነክሳል። ያለ ኮምፕረሰር ሜምብሬኑ ምንም አይሠራም፤ ከኮምፕረሰሩ በፊት ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ በዛገ ብረት ማስወገድና እርጥበቱን ማድረቅ ያስፈልጋል። ግፊቱ ከፍ ሲል ሌላ ጣጣ አለ፤ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጠጣ ፖሊመር ያብጣል፣ ሰንሰለቱ ይለሰልሳል፣ ሚቴኑም አብሮ ማለፍ ይጀምራል። ለመኪና ነዳጅ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣ ይሆናል። ለወጥ ምድጃ ግን ጋዙ እንዳለ ይነዳል፤ ገንዘባችሁን ጉድጓዱ ላይ አውሉት።

የሆስፒታል ጥገና | ሐምሌ 25

የሕክምና ኦክስጅን ማምረቻዎችን ስለምጠግን አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው ውስጣቸው ሜምብሬን ያለ ይመስለዋል። የለም። ናይትሮጅኑን የሚይዝ ዜኦላይት የተባለ ጠጠር ነው ያለው፤ 90 በመቶ የሚያልፍ ኦክስጅን የሚገኘውም በዚያ ነው።

ኢንጂነር ከፒያሳ | ሐምሌ 25

ትክክል ነዎት፤ ምክንያቱም በስሌት ይታያል። መራጭነቱ 5.6 የሆነ ሜምብሬን በአንድ ደረጃ፣ ማዶው ፍጹም ቫኪዩም ሆኖ እንኳ፣ ከአየር ሊያወጣ የሚችለው ኦክስጅን 60 በመቶ ገደማ ነው። በሲሊከን ጎማ ደግሞ 36 ላይ ይቆማል። ለታማሚ አይበቃም። እዚህ ላይ መዋቅሩ እንደሚወስን አምኛለሁ፤ ኮምፕረሰር ቢጨመር ከዚያ አያልፍም።

የአዘዞዋ ተማሪ | ነሐሴ 18

መምህርና ወንድሞቼ፣ ውጤት ይዤ መጣሁ። ዝናቡ አሁንም እንዳለ ነው፤ ስለዚህ የተለወጠው አየሩ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

ለመሸፈኛ የተጠቀምኩት ከቤት ያመጣሁትን ትልቅ የሰላጣ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ከሥሩ ሁለት ክብሪት እንጨት አስገብቼ ጠርዙን ከፍ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ሳነሣው መጀመሪያ ፊልም ያለ አልመሰለኝም፤ ቀለበቱ ባዶ መስሎኝ በጣቴ ስነካው ነው ያወቅኩት። ከጽሑፍ ላይ ሳስቀምጠው እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። ውፍረቱ ያው 50 ማይክሮን ነው።

ኦክስጅን ስለቅበት ቀይዋ ጠብታ የቆመች መስላኝ ነበር። ማስመሪያውን አስጠግቼ ሰዓት ስይዝ በደቂቃ 7.4 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች። በናይትሮጅን 1.4 ነው። መራጭነቱ 5.3 ሆነ። አሳላፊነቱን ሳሰላው 1.23 ባረር መጣ። መጀመሪያ በልማድ 76 አስገብቼ 1.6 አግኝቼ ነበር፤ ከመጽሐፉ በለጥኩ ብዬ ልጽፍ ስል የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። የገረመኝ ግን የግፊቱ ስሕተት መራጭነቱን አለመንካቱ ነው፤ ለካ ሁለቱንም ጋዝ እኩል ስለሚያዛባ ሲካፈሉ ይጠፋል።

ከነጮቹ ፊልሞች አንዱን ደግሞ በሲሊከን ቀብቼ ለካሁት። 2.0 መጣ።

ጡረተኛው መምህር | ነሐሴ 19

እንግዲያው ነጩ ፊልም ወንፊት ነበር፤ የለካሽውም ምርጊቱን ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው፤ ነጩን፣ የተመረገውንና ጥርት ያለውን። ፖሊመሩ አንድ፣ ጠጠሩ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ ሆኖ 0.92፣ 2.0 እና 5.3 የሚሰጥ ሠንጠረዥ ከረጅም መግቢያ ይልቅ ርዕስሽን ያስረዳል።

አንድ ቀን ብቻ የተለካ ቁጥር ስለማልወድ፣ ያንን ፊልም አትጣይው። ቀኑን ጠርዙ ላይ ጻፊና በደረቅ ዕቃ ውስጥ አኑሪው። 50 ማይክሮን ስለሆነ ብዙ አይረጅም ብዬ አስባለሁ። ከመስቀል በኋላ እንደገና ለኪውና ጻፊልን።

የአዘዞዋ ተማሪ | ነሐሴ 19

ጽፌበታለሁ መምህር። ከጎኑም ከዚሁ ብጥብጥ የተሠራ 8 ማይክሮን ፊልም አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱንም አንድ ቀን እለካቸዋለሁ።